የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ካንሰር አዲስ በሽታ ነውን?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ አባቴ «በእኛ ጊዜ ካንሰር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከፋብሪካ ምግብና ከኬሚካል ጋር የመጣ ነው» ይላሉ። ሆኖም እናታቸው፣ ማለትም አያቴ፣ ጡታቸው ላይ በወጣ አልድን ባለ ቁስል እንዳረፉ የሚነግሩንም እሳቸው ናቸው። በሽታው በእርግጥ አዲስ ነው? ከምን እንደሚመጣስ የታወቀው መቼ ነው?
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ካንሰር አዲስ በሽታ አይደለም፤ እንዲያውም ዕድሜው ከሰው ልጅ ይበልጣል። ይሁን እንጂ የአባትዎ አነጋገር ጨርሶ የሚጣል አይደለም፤ እውነትነት ያለውን ክፍል ከሌለው መለየት ያስፈልጋል። (ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀደምቶቹ ማስረጃዎች የሚገኙት ከአጥንት ነው። በደቡብ አፍሪካ ስዋርትክራንስ ከተባለ ዋሻ የወጣ፣ ከ1.6 እስከ 1.8 ሚሊዮን ዓመት የሚገመት የቀደምት ሰው ዘመድ የእግር አጥንት የአጥንት ካንሰር እንደነበረበት ተመራማሪዎች በ2016 አስታውቀዋል። ወደ እኛ ቀረብ ስንል ደግሞ፣ በሰሜን ሱዳን በዓባይ ዳር አማራ ዌስት በሚባል ጥንታዊ ከተማ ከ3,200 ዓመት በፊት ገደማ የተቀበረ የአንድ ጎልማሳ አፅም አለ፤ ካንሰሩ በትከሻው፣ በጎድኑ፣ በአከርካሪውና በጭኑ አጥንት ላይ ተሰራጭቶ ነበር። ሰውየው ከ25 እስከ 35 ዓመት የሚገመት ሲሆን፣ ሲጋራም ሆነ የታሸገ ምግብ በማያውቅ ዘመን የኖረ ነው። ተመራማሪዎቹ ሊሆኑ ይችላሉ ካሏቸው መንስኤዎች አንዱ የማገዶ ጭስ መሆኑ ግን ለእኛ አገር አንባቢ ልብ የሚባል ነው።

በጽሑፍ ከቀሩልን መረጃዎች ቀዳሚው የሚገኘው በግብፅ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ ከሌላ ጥንታዊ መጽሐፍ የተገለበጠ አንድ የሕክምና ፓፒረስ፣ በጡት ላይ ስለሚወጣ ጠንካራ፣ ሲዳሰስ የማያተኩስ እብጠት ይናገራል። ለብዙዎቹ ሕመሞች መድኃኒቱንና አሠራሩን የሚዘረዝረው ጸሐፊ፣ እዚህ ሲደርስ ሕክምና እንደሌለው ብቻ መዝግቦ አልፏል። ብዙ የሕክምና ታሪክ አጥኚዎች ይህ የጡት ካንሰር እንደነበረ ያምናሉ፤ የአያትዎን ሕመም የሚመስል ሕመም ያየ ሐኪም ያኔም ነበር ማለት ነው።

የመንስኤው ፍለጋ እጅግ ዘግይቷል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሐኪም ጋለን ካንሰር የሚመጣው ጥቁር ሐሞት በሰውነት ውስጥ ሲበዛ ነው ብሎ አስተማረ፤ ይህ ግምት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ጸንቶ ቆየ። መንገዱን ከቀየሩት አንዱ የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት ነው። ፖት በ1775 እንደጻፈው፣ በልጅነታቸው የቤት ጭስ መውጫ ውስጥ እየገቡ ጥቀርሻ ሲጠርጉ ያደጉ ሠራተኞች በቆለጥ ከረጢታቸው ላይ ካንሰር ይወጣባቸው ነበር፤ እሱም መንስኤውን በቆዳቸው እጥፋት ውስጥ ከሚቀረው ጥቀርሻ ጋር አያያዘው። በ1915 ደግሞ ያማጊዋና ኢቺካዋ የተባሉ ጃፓናውያን የጥንቸሎችን ጆሮ ለወራት ያለማቋረጥ የድንጋይ ከሰል ሬንጅ በመቀባት ካንሰር እንዲወጣባቸው አደረጉ። ከውጭ የሚመጣ ነገር ካንሰር ሊያስከትል እንደሚችል በዚህ ሙከራ በተጨባጭ ታየ።

የበሽታው ውስጣዊ አሠራር የተገለጠው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የሰውነታችን ሕዋሳት በተከፈሉ ቁጥር በውስጣቸው ያለው የዘር መመሪያ ይገለበጣል፤ ብራና የሚገለብጥ ጸሐፊ በየቅጂው ፊደል እንደሚስት፣ እዚህም ስሕተት ይፈጠራል። አብዛኛው ስሕተት ይታረማል ወይም ጉዳት የለውም። የሕዋሱን መክፈልና ማቆም የሚቆጣጠሩት ዘረ መሎች ተራ በተራ ሲበላሹ ግን ሕዋሱ ልጓም አጥቶ ይራባል። ለዚህ መከማቸት ብዙ ጊዜ ዓመታት ስለሚጠይቅ፣ ካንሰር በዋናነት ዕድሜ የገፋበትን ሰው ያጠቃል።

አባትዎ ብዙም ሳያዩት የቀሩት በአንድ በኩል ከዚህ የተነሳ ነው። በ1950ዎቹ በአገራችን አማካይ የዕድሜ ጣሪያ ከ40 ዓመት በታች ነበር፤ ቁጥሩን ያወረደው በተለይ የሕፃናት ሞት ቢሆንም፣ ብዙ ሰው በወባ፣ በተስቦ፣ በወሊድ እያለቀ ካንሰር ወደሚበዛበት ዕድሜ ሳይደርስ ይቀር ነበር። የደረሰውም ቢሆን ያለ ምርመራ «እባጭ ገደለው» ተብሎ ይቀበር ነበር።

አባትዎ እውነት ያላቸው ግን በሚከተለው ነው። የሳንባ ካንሰር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐኪሞች እምብዛም የማያዩት በሽታ ነበር። የፋብሪካ ሲጋራ ከተስፋፋ በኋላ ግን አሻቀበ፤ በ1950 በእንግሊዝ ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል፣ በአሜሪካም ሌሎች ተመራማሪዎች ከማጨስ ጋር ያለውን ግንኙነት በጥናት አሳዩ። ስለዚህ ዘመናችን ካንሰርን ባይፈጥረውም አንዳንዱን ዓይነት እጅግ አብዝቶታል። ከፋብሪካ ምግብ ይልቅ ግን ቀድሞ መከሰስ ያለበት ትንባሆ ነው።

ቫይረስም መንስኤ ይሆናል። በ1911 አሜሪካዊው ፔይተን ራውስ ቫይረስ ካንሰር እንደሚያስከትል በዶሮ ላይ ያገኘውን ውጤት ብዙዎች ሳይቀበሉት ቆይተው፣ የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ1966፣ በስተርጅና ነው። በ1980ዎቹ ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን የማኅፀን በር ካንሰርን ከሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ ጋር አገናኘ፤ በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት የተመሠረተው በዚህ ግኝት ላይ ነው።

አያትዎን በሚመለከት፣ ሕመማቸው የጡት ካንሰር እንደነበረ ከታሪኩ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም። ከካንሰር ውስጥ በቀጥታ ከወላጅ በሚወረስ የዘረ መል ጉድለት የሚመጣው ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ስለሆነ ይህ ብቻውን የሚያስደነግጥ አይደለም። ነገር ግን እርስዎም ሆኑ የአባትዎ እኅቶች ወደ ሐኪም ስትሄዱ፣ አያትዎ ያረፉበትን ዕድሜና በአባትዎ ወገን ሌላ የጡት ወይም የእንቁልጢ (የሴት ዕንቁላል የሚያመነጨው አካል) ካንሰር የታየበት ሰው መኖሩን ብትናገሩ፣ ሐኪሙ ምርመራው መቼ መጀመር እንዳለበት ለመወሰን ይረዳዋል።