«15:20» ማለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነውን?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሐዋሳ ውስጥ በስልክ መተግበሪያ ተሳፋሪ የሚጭን ሾፌር ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምሽት 12፡20 ላይ ከመናኸሪያ አንዲት ተሳፋሪ ጭኖ አሞራ ገደል አደረሳት፤ እርሷም ቦርሳዬ መኪናው ውስጥ ቀርቷል ስትል ከሰሰችው። ስልኩ ተመርምሮ የወጣው ወረቀት ግን ጉዞው የተጀመረው «15:20» ላይ ነው ስለሚል ወንድሜ ዋሽተሃል ተባለ። ስልኩ አሁን ስለተመለሰለት፣ ጓደኞቹ መተግበሪያውን አጥፍቶ እንደ አዲስ እንዲጭነው ይመክሩታል። ምን ይበጀዋል?

መልስ፦ ከወረቀቱ እንጀምር፤ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ይመስለኛልና። ብዙ መተግበሪያዎች ጊዜን የሚመዘግቡት ከጥር 1 ቀን 1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባለፉት ሚሊሰከንዶች ብዛት፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ለምሳሌ ፋይሉ ውስጥ 1704122437512 የሚል ቁጥር ቢገኝ፣ የምርመራው ሶፍትዌር ወደ 15:20:37 ይመልሰዋል። የእኛ አገር ሰዓት ከዚህ በ3 ሰዓት ስለሚቀድም 18:20 ይሆናል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ምሽት 12፡20 ነው። እንግዲህ ወረቀቱና ወንድምዎ የተናገሩት አንድ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ጥፋቱ ሰዓቱ የየትኛው ቀጠና እንደሆነ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው።

ሆኖም ሁሉም መተግበሪያ እንዲህ አይመዘግብም፤ የአገሩን ሰዓት እንዳለ የሚያስቀምጥም አለ፤ የስልኩ ሰዓት በእጅ ተቀይሮ ከነበረ ደግሞ ስልኩ ራሱ የመዘገበው ሁሉ አብሮ ይዛባል። ስለዚህ ማመሳከር ያስፈልጋል። ሾፌሩ ከመንገድ የጫነውን ሰው ስልክ ቁጥር ሲያስገባ ለተሳፋሪው አጭር መልእክት የሚልክ አሠራር ከሆነ፣ ተሳፋሪዋ መተግበሪያው ባይኖራት እንኳ ያ መልእክት ከነሰዓቱ ስልኳ ላይ ይገኛል። የድርጅቱ ሰርቨር መዝገብም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊጠየቅ ይችላል፤ ሾፌሩ የስልኩን ሰዓት ቢቀይርም እርሱ አይነካም።

የጓደኞቹን ምክር በፍጹም አይቀበሉ። አንድ የጉዞ መዝገብ ከዳታቤዙ (መተግበሪያው መረጃውን ከሚያከማችበት ፋይል) ቢሰረዝ፣ ሌላ መረጃ እስኪጻፍበት ድረስ ቅሪቱ ፋይሉ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። መተግበሪያው ሲራገፍ ግን የግል ማኅደሩ በሙሉ ይጠፋል፤ በዛሬዎቹ ስልኮች ፋይሉ የተመሰጠረ ስለሆነ መልሶ ማውጣት እጅግ ያዳግታል። ዳግም ሲጭነው የጉዞ ዝርዝሩ ከሰርቨሩ ተመልሶ ቢመጣ እንኳ፣ ስልኩ ለራሱ ያስቀመጣቸው የቦታ ነጥቦች አብረው አይመለሱም። ማስረጃ ደበቀ መባሉም አይቀርለትም። ለጥገና ሱቅም አይስጡት፤ «ሩት» ለማድረግ፣ ማለትም በስልኩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ለማግኘት፣ ቡትሎደሩን (ስልኩን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ሲከፍቱት አብዛኛው አንድሮይድ ስልክ ያለውን ሁሉ ያጸዳል። በዚህ መንገድ ስልካቸውን ባዶ አድርገው የሚመጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

መዝገቡ ቢስተካከልም የሚያስረዳው ስልኩ መቼና የት እንደነበረ ነው እንጂ ቦርሳው የት እንደገባ አይደለም። ወንድምዎ አሁን በጽሑፍ መጠየቅ የሚገባቸው፣ መርማሪው ያልተለወጠውን ቁጥር፣ የሰዓት ቀጠናውንና ከስልኩ የተወሰደውን ቅጂ የሻ-256 አሻራ (ከቅጂው የሚሰላ፣ ቅጂው ቢነካካ የሚለወጥ መለያ) በሪፖርቱ ላይ እንዲያሰፍር ነው።