«ሰው የለኝም» ለሚሉት

ልጆቼ፣

በየበዓሉ ዘይትና ዱቄት ተሸክማችሁ የአቅመ ደካሞችን ደጅ ስታንኳኩ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሆስፒታል ገብታችሁ በሽተኛ ስትጠይቁ አያለሁ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እኔ በአዋላጅ ነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከታመመ ሰው አልጋ አጠገብ ነው። እዚያ ያየሁትን ላካፍላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። ሰው አፍ አውጥቶ ከሚጠይቃችሁ ነገር ጀርባ፣ ሊጠይቃችሁ ያልደፈረው ሌላ ነገር አለ። ክርስትናችሁ እዚያ ድረስ እንዲደርስ እመኛለሁ።

ዳቦው ይቅር ማለቴ አይደለም። የተራበን ሰው «በደኅና ሂድ፣ ጥገብ» ብሎ በባዶ እጁ መሸኘት ምን ይጠቅመዋል ብሎ ያዕቆብ በመልእክቱ ጠይቋል። የተራበ ይብላ፣ የታመመ ይታከም። ግን እዚያ ላይ አታቁሙ።

የማውቀውን በሽታ ልንገራችሁ። አንዲት ሴት ገጠር ውስጥ ምጥ ለቀናት ይጠናባታል። የሚረዳት ባለሙያ የለም። የሕፃኑ ጭንቅላት ከዳሌዋ አጥንት ጋር ሆኖ መሃል ያለውን ሥጋ ይጫነዋል፤ ደም አይደርሰውም፣ ሥጋው ይሞታል፣ ቀዳዳ ይፈጠራል። አብዛኛውን ጊዜ ሕፃኑም አይተርፍም። ከዚያ በኋላ ሽንቷ ሌት ተቀን ይፈስሳል። ፊስቱላ ይባላል። በሽታው ሲነገር አጭር ነው፣ ኑሮው ግን ረጅም ነው። ባል ጥሏት ይሄዳል። ጎረቤት ሽታውን ሽሽት ቡና መጥራት ይተዋል። «እርግማን ነው» የሚላትም አይጠፋም። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትፈራለች።

እንዲህ ያለች ሴት ክፍላችን ስትመጣ የምትለው «ሽንቴን አቁሙልኝ» ነው። አንዷ ግን ሕክምናዋን ጨርሳ ልብሷ ደርቆ ካደረ በኋላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አሁን ከሰው ጋር ቡና መጠጣት እችላለሁ?» አለችኝ። ትልቁ ጥያቄዋ ለካ ይኼ ነበር።

ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ይኼን ጥያቄ የሰሙ ክርስቲያኖች ናቸው። ከአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1959 ለሦስት ዓመት ሥራ መጥተው እዚሁ ቀሩ። የአዲስ አበባን የፊስቱላ ሆስፒታል በ1974 ከፈቱ። ዶክተር ካትሪን በ2020 ያረፉትም አዲስ አበባ ነው። ታካሚዋ ድና ስትወጣ አዲስ ቀሚስ ይሰጧት ነበር። ሙሉ በሙሉ መዳን ላልቻሉት ደግሞ ደስታ መንደር የሚባል፣ ሠርተው የሚያድሩበት ቦታ ተሠራላቸው። የቀሚሱ ነገር በሕክምና መጽሐፍ ውስጥ የለም። ሴትዮዋን ያየ ሰው ብቻ ነው የሚያስበው።

ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን አስቡ። እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1962፣ የፊስቱላ ሆስፒታሉ ገና ሳይከፈት፣ ሐምሊኖቹ ይሠሩበት ወደነበረው ሆስፒታል የመጡት በታካሚነት ነው፤ ፊደል አልቆጠሩም ነበር። ከታከሙ በኋላ እዚያው ቀርተው አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ። ቀጥሎ ቀዶ ጥገና ክፍል መሣሪያ ማቀበል። ቀስ በቀስ ሙያውን ለምደው ራሳቸው ቀዶ ጥገና የሚያደርጉ፣ ሐኪሞችንም የሚያሠለጥኑ ሆኑ። ሐምሊኖቹ አክመው ሸኝተዋቸው ቢሆን ኖሮም መልካም ሥራ ነበር። እነሱ ግን የተሰጣቸውን ችሎታ አዩላቸው።

ጌታችንም እንዲህ ነው ያደረገው። አሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት ልብሱን ነክታ ድናለች። ተደብቃ ልትሄድ ትችል ነበር። እሱ ግን ቆመ። የምትሞት ልጅ ወዳለችበት ቤት እየተቻኮለ እያለ ቆመ! በሕዝብ ፊት «ልጄ ሆይ» አላት። ሰው ሁሉ ይርቃት የነበረችውን ሴት። ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመውን መጻጉዕን ደግሞ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው፣ ሰውየው አዎ አላለም። «ሰው የለኝም» ነው ያለው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ስትሄዱ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱት። ዘይት ስትሰጡ እናቲቱን ፎቶ አንስታችሁ የምትለጥፉትን ነገር ተዉት፤ እውነቴን ነው፣ ያማል። ከአልጋው መነሳት ለማይችል ሰው ረጅም ስብከት አትስበኩ፤ ደክሞት እንኳ «በቃኝ» ማለት ይከብደዋል። ጸሎት ከፈለገ ጠይቁትና ጸልዩለት። «ይኼ የደረሰብሽ በኃጢአትሽ ነው» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። ስሙን ጠይቁ፣ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ፣ ዝም ካለ አብራችሁ ዝም በሉ። የነገራችሁን ምስጢር ለጸሎት ርዕስ ብላችሁም ለማኅበሩ አታውሩ። ደግሞም ተመላለሱ። አንዴ መጥቶ የሚጠፋ ጠያቂ ብዙ ነው።

በአካባቢያችሁ ሽንት የሚፈስሳት፣ ከቤት የማትወጣ ሴት ካለች ሕክምናው እንዳለ ንገሯት። በሐምሊን ሆስፒታል በነፃ ነው። ከአዲስ አበባ ሌላ ባሕር ዳር፣ መቐለ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ማዕከል ከፍተዋል። ብዙዎቹን የሚያስቀራቸው መንገዱ ነው፤ የትራንስፖርት ብር የላቸውም፣ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ያጉረመርምብናል ብለው ይሳቀቃሉ። ብሩን አዋጡ። መቀየሪያ ልብስና ፕላስቲክ ያዙላት። ከእናንተ አንዷ አብራት ትሳፈር፣ ከጎኗም ትቀመጥ። ወደ ቀዬዋ ስትመለስ ደግሞ ቡና አፍልታችሁ ጥሯት፣ ጎረቤቶቿንም ጨምራችሁ።

እናታችሁ
ጡረተኛዋ አዋላጅ