በቀን 15 ጽሑፍ ለምትጽፈው የሐዋሳ ልጅ

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሚደርሱኝን ጥያቄዎች በተራቸው ነው የምመልሰው፤ ያንቺን ግን ከተራው አውጥቼ ዛሬውኑ ለመጻፍ የተቀመጥኩት አንድ መስመር ስላስቆጨኝ ነው። «ጋሼ፣ ጎግል ሥራዬን በላው፤ 14 ወር የለፋሁበት ሙያ ሞተ» ብለሻል።

ሌሎች አንባቢዎች እንዲከተሉን ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። በ2015 ዓ.ም. በማርኬቲንግ ማኔጅመንት ተመርቀሻል። ዓመት ሙሉ ሥራ ፈልገሽ ስታጪ፣ በጓደኛሽ በኩል መልኩን አይተሽው ለማታውቂው የውጭ አገር ሰው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማዘጋጀት ጀመርሽ። እሱ ርዕስ ይልካል፤ አንቺ ቻትጂፒቲ ላይ ታስጽፊያለሽ፣ እዚህም እዚያም ታስተካክያለሽ፣ ትልኪያለሽ። ስለ ፍራሽ፣ ስለ ጁስ መፍጫ፣ ስለ ውሻ ምግብ፣ በቀን 15 ጽሑፍ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሥራው እየሳሳ መጣና ሰውየው «ድረ ገጾቼ ከጎግል ወደቁ» ብሎ ጠፋ። አሁን የምትጠይቂኝ አራት ነገር ነው፦ ኤስ ኢ ኦ የሚባለው፣ ድረ ገጽን የፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ ብሎ እንዲታይ የማድረግ ሙያ አለቀለት ወይ? ኩዌት ያለችው እህትሽ ልትከፍልልሽ ያሰበችውን የ45 ሺህ ብር ሥልጠና ልግባ ወይ? አባቴ እንደሚሉት የባንክ ፈተና ልፈተን ወይ? እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ወደ አማርኛ ልዙር ወይ?

የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የቀሩት በእሱ ሥር ናቸውና።

የሰውየው ድረ ገጾች ለምን እንደወደቁ ለመገመት አያስቸግርም። ጎግል እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የአይፈለጌ ይዘት ደንቡን ሲያሻሽል ሦስት ነገሮችን ለይቶ ከለከለ። አንዱ በታወቀ ድረ ገጽ ስም ተጠግቶ ከገጹ ጋር የማይገናኝ የንግድ ጽሑፍ መለጠፍ ነው። ሌላው ባለቤቱ የተወውን የድረ ገጽ አድራሻ ገዝቶ በድሮ ስሙ መጠቀም ነው። ሦስተኛው አንቺን የሚመለከተው ነው፦ በጅምላ የሚመረት ይዘት። ጽሑፉን ሰው ይጻፈው ማሽን ይጻፈው፣ ዋና ዓላማው አንባቢን መርዳት ሳይሆን የፍለጋ ውጤት ላይ መውጣት ከሆነ፣ ድረ ገጹ ወደ ታች ይወርዳል ወይም ጭራሽ ከውጤቱ ይሰረዛል። አንቺ ሥራውን ስትጀምሪ ይህ ደንብ ወጥቶ፣ ማንም ገብቶ ሊያነበው በሚችልበት ቦታ ተቀምጦ ነበር። አሠሪሽ ሊያውቀው ይገባ ነበር። አውቆም ከሆነ፣ እስኪወድቅ ድረስ ሊሸቅልበት ነው የቀጠረሽ። ስለዚህ 14 ወር ለፋሁ ያልሽውን ልፋት አልክድም፤ ሙያ ተማርኩበት ያልሽውን ግን አልቀበልም። ሲቪሽ ላይ «የኤስ ኢ ኦ ባለሙያ» ብለሽ ጽፈሽ ከሆነ ዛሬ አውጪው። የሚያውቅ ቀጣሪ ሁለት ጥያቄ ጠይቆሽ ይረዳዋል፤ ያኔ የምታፍሪው አንቺ ነሽ እንጂ ሰውየው አይደለም።

የጎግል ጠባይ ደግሞ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ፓንዳ የተባለው ማሻሻያ ፍሬ የሌላቸውን ገጾች ጠራረገ። በ2012 ፔንግዊን የተባለው ደግሞ ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ ራሳቸው የሚያመራ ሊንክ እየገዙ ከፍ ያሉትን አወረደ። በ2022 ኦገስት ላይ ደግሞ ለሰው ሳይሆን ለፍለጋ ሞተር የተጻፈን ይዘት የሚለይ ሌላ ማሻሻያ መጣ። በእያንዳንዱ ዙር «ኤስ ኢ ኦ ሞተ» ሲባል ሰምቻለሁ። በእያንዳንዱ ዙር የሞተው አንድ የአቋራጭ መንገድ ነበር።

እውነቱን ሳልደብቅ ልንገርሽ፣ የአሁኑ ግን ከዚያ ይከብዳል። ጎግል ከሜይ 2024 ጀምሮ፣ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ፣ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የሚያዘጋጀውን፣ ኤአይ ኦቨርቪው የሚለውን አጭር መልስ ከሊንኮቹ በላይ ማሳየት ጀመረ። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በማርች 2025 የ900 ያህል አሜሪካውያንን የኢንተርኔት አጠቃቀም ተከታትሎ ነበር። የኤአይ ማጠቃለያ ካልወጣበት ፍለጋ 15 በመቶ ያህሉ ላይ ሰዎች አንዱን ሊንክ ከፍተዋል፤ ማጠቃለያ ሲወጣ ግን 8 በመቶ ላይ ብቻ። ግማሽ ያህሉ ቀረ ማለት ነው። ጎብኚ በከፈተው ቁጥር ከማስታወቂያ ገንዘብ የሚለቅም ድረ ገጽ በዚህ ሒሳብ አይኖርም፤ «ፍራሽ ስንት ዓመት ያገለግላል» ለሚል ጥያቄ ማሽኑ እዚያው መልሶ ይጨርሰዋል። አንቺ ስትጽፊ የከረምሽው ደግሞ ልክ የዚህን ዓይነት ነው።

ታዲያ ምን ቀረ? ከራሴ ልነሳ። እኔ ወደዚህ ነገር የገባሁት አዲስ አበባ አንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ የቱሪስት ኢሜይል ስመልስ ነው። በ2004 ዓ.ም. ጥምቀትን ጎንደር ሊያዩ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። አንድ የጉዞ ድረ ገጽ ላይ «ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነው» የሚል አንብበው፣ ወደ አገራቸው የሚመለሱበትን በረራ ለ20 ጧት አስይዘዋል። ያን ዓመት ጥምቀት የዋለው ግን ጃንዋሪ 20 ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን ስትሆን እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውልና ጥር 11ም በፈረንጆቹ አንድ ቀን ይገፋል። እኛ ይህን ሳናስበው እናውቀዋለን፤ እነሱ ግን ከየት ያውቁታል? የከተራውን ሰልፍ እንኳ ሳይጨርሱ ከጎንደር ወጡ። የአፄ ፋሲል መዋኛ ውሃ ሲባረክ፣ ወጣቱ ከነልብሱ ሲዘልበት ሳያዩ ቀሩ። ቦሌ የሸኘኋቸው እኔ ነበርኩ፤ ሴትዮዋ ቃል ሳትናገር ነው የገባችው።

በዚያው ሳምንት አለቃዬን አስፈቅጄ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ጥምቀት መቼ ይውላል፣ ቀኑ በየአራት ዓመቱ ለምን ይለወጣል፣ ከተራ ምንድን ነው፣ ጎንደር ስንት ሌሊት ማደር ያስፈልጋል፣ በረራ ከየትኛው ቀን በፊት አይያዝ። የሚቀጥሉትንም ቀናት አሰላሁ፦ እ.ኤ.አ. 2016፣ 2020፣ 2024፣ ሁሉም ጃንዋሪ 20። ኪወርድ (ሰው ጎግል ላይ ጽፎ የሚፈልግበት ቃል) የሚለውን ያኔ ሰምቼውም አላውቅም። ዓመት ሳይሞላ ግን ኢሜይል የሚጽፉልን እንግዶች «የበዓሉን ቀን የሚያስረዳውን ገጻችሁን አንብበን» ብለው መጀመር ያዙ። ሥራውን የተማርኩት እዚያ ነው፤ ደንበኛው ምን ይጠይቃል፣ የት ላይ ይሳሳታል፣ ምን ሲነገረው እጁ ወደ ኪሱ ይገባል።

ዛሬ ቢሆን ቀኑን ብቻ ኤአይ ይነግራቸዋል፤ ልክ ነው። ግን ማሽኑም መልሱን የሚለቅመው የሚያውቅ ሰው ከጻፈው ነው። ሰዎቹም ቀኑን ካወቁ በኋላ አልጋ የሚይዝላቸው፣ በረራቸውን የሚያስተካክልላቸው ይፈልጋሉ። ጎግል ለጥራት ገምጋሚዎቹ በሚሰጠው መመሪያ ውስጥ በዲሴምበር 2022 «ልምድ» የሚለውን መስፈርት የጨመረው ለዚህ ይመስለኛል፦ የጻፈው ሰው ነገሩን አይቶታል ወይ? አንቺ ስለ ጁስ መፍጫው ስትጽፊ መፍጫውን በእጅሽ ይዘሽው ታውቂያለሽ?

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ሐዋሳ ውስጥ ነሽ፤ ሐይቅ ዳር ያሉ ሆቴሎችንና ፔንሲዮኖችን በስልክሽ ጎግል ማፕ ላይ አንድ በአንድ ክፈቺያቸው። የስንቱ ስልክ ቁጥር እንደማይሠራ፣ የስንቱ ምልክት ከሕንፃው ሁለት መንገድ ርቆ እንደተተከለ፣ ስንቱ እንግዳ ራሱ ያነሳው የደበዘዘ ፎቶ ብቻ እንዳለው ተመልከቺ። እንግዶች በአስተያየት መስጫው ላይ «ሙቅ ውሃ አለ ወይ?» ብለው ጠይቀው መልስ ሳያገኙ የቀሩበትን ፈልጊ። ከዚያ አንዱን ምረጪና ሄደሽ ባለቤቱን አነጋግሪ። ከተቻለ በመደበኛ ደመወዝ ተቀጠሪ፤ እንግዳ መቀበያም ቢሆን ግቢ። እንግዳ መቀበያ ላይ ስድስት ወር የቆመ ሰው፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሁለት ዓመት ኪወርድ ከፈለገ ሰው ይልቅ ደንበኛን ያውቃል። ጎን ለጎን የሆቴሉን ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል፣ ማለትም ማፑ ላይ የሚታየውን መረጃውን ትይዣለሽ፣ ስልኩን ታስተካክያለሽ፣ ፎቶ ታነሻለሽ፣ ለአስተያየቶቹ መልስ ትሰጫለሽ። ይህ ሁሉ በነፃ ነው። በወሩ ስንት ሰው ከማፑ ላይ እንደደወለ ራሱ ፕሮፋይሉ ይቆጥርልሻል፤ ሲቪሽ ላይ የሚገባው ያ ቁጥር ነው።

ሆቴሉ ካልሆነልሽ ቡና ላኪዎች አሉ። የሲዳማ ቡና እ.ኤ.አ. በ2020 ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ ወጥቶ በጨረታ በፓውንድ 407 ዶላር ተሽጧል። እንዲህ ያለ ቡና የሚፈልግ፣ ቆልቶ የሚሸጥ የውጭ ነጋዴ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፦ የትኛው ማጠቢያ ጣቢያ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር፣ የታጠበ ነው ወይስ በደረቁ የተዘጋጀ? ጣቢያው ድረስ ሄዶ ይህን ጽፎ የሚያስቀምጥ ሰው ያስፈልጋል። ፍሪላንስ የምትዪውን፣ ሳይቀጠሩ በግል ለደንበኛ የመሥራትን ነገር ከዚህ በኋላ ድረሺበት፤ የራስሽ የምትዪው ሥራ በእጅሽ ሲኖር።

ወደ 45 ሺህ ብሩ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ለስላሳ አልሆንም። የሥልጠናው ማስታወቂያ «ጎግል አንደኛ ገጽ ላይ ለማውጣት ዋስትና እንሰጣለን» ይላል ብለሻል። ጎግል ራሱ ለባለ ድረ ገጾች ባዘጋጀው መመሪያ ላይ አንደኛ አወጣለሁ ብሎ ዋስትና መስጠት የሚችል ማንም የለም ብሎ ጽፏል። ከዚያ በኋላ ማንበብ አያስፈልግም። የኤስ ኢ ኦ መጀመሪያ መመሪያው በነፃ ነው። ሰዎች ምን ብለው ፈልገው ወደ ገጽሽ እንደመጡ የሚያሳየው ሰርች ኮንሶል በነፃ ነው። የገጹን ጎብኚዎች የሚቆጥረው አናሊቲክስ በነፃ ነው። ስኪልሾፕ በተባለው የጎግል የትምህርት ገጽ ላይ ያሉት የማስታወቂያና የአናሊቲክስ ትምህርቶች ከነሰርተፊኬታቸው በነፃ ናቸው። የሚያስፈልግሽ ዳታና ጊዜ ነው። እህትሽ ሰው ቤት ትሠራለች፤ 45 ሺህ ብር የስንት ወር ድካሟ እንደሆነ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? በየቤታችን ውጭ አገር ያለ ልጅ የማያልቅ ኪስ ያለው ይመስለናል፤ እሷም እምቢ ማለት አትችልም። ብሩን በስሟ ባንክ እንድታስቀምጠው ንገሪያት። አንቺ ካልነገርሻት ማንም አይነግራትም።

አባትሽን በተመለከተ፦ ፈተናውን ተፈተኚ፤ አንድ ቀን ነው የሚወስደው። ካለፍሽም እንወያያለን። «ጠረጴዛ የሌለው ሥራ ሥራ አይደለም» የሚሉት ግን ትክክል አይደሉም፤ በአክብሮት ንገሪያቸው።

የቋንቋውን ነገር በተመለከተ «ወደ አማርኛ ልዙር» ስትዪ ያነሰ ነገር አድርገሽ ነው ያቀረብሽው፤ እኔ እንዲያ አላየውም። የከተማሽን ስም ብቻ ውሰጂ። አንዱ ሐዋሳ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ሀዋሳ፣ ትልልቅ ሰዎች አሁንም አዋሳ። በላቲን ፊደል የሚጽፈውም አንዱ ኤች ይጨምራል፣ ሌላው ይተዋል። ፀሐይን ጸሐይ፣ ፀሀይ እያልሽ ስትቆጥሪ ደግሞ ስንት እንደሚሆን አስቢው። ሰዎች የትኛውን እየጻፉ እንደሚመጡ ሰርች ኮንሶል ውስጥ ፊደሉ ሳይለወጥ ታገኚዋለሽ፤ ይህን አይቶ ገጹን የሚያስተካክል ሰው እኔ ብዙ አላየሁም። እንዲህ ያለውን ለማየት በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ይፈልጋል፤ ለፍራሹ ድረ ገጽ የማይጠቅመው አማርኛሽ እዚህ ይሠራልሻል። እዚህ አገር ብዙው ሻጭና ገዢ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ እንደሚገናኝም አትርሺ፤ ሆቴሉ የቴሌግራም ቻናል ከሌለው እሱንም ክፈቺለት። እንግሊዝኛውን ደግሞ ለውጭ እንግዳ መልስ በመስጠት አሻሽይው፤ እኔም ያሻሻልኩት በዚያው ነው።

በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ አንድ ሆቴል ምረጪና የእንግዳ መቀበያዋን ልጅ ሻይ ጋብዘሽ «እንግዶች ደውለው ደጋግመው የሚጠይቁሽ አሥር ነገር ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። እሷ ባለችበት አነጋገር፣ ሳታሳምሪ ጻፊው። አሥሩን ጥያቄ ላኪልኝ፤ የትኛውን በገጹ ላይ፣ የትኛውን በማፑ ላይ እንደምንመልስ አብረን እናያለን።