በግቢ የሚያልፍ ወንዝ ላይ የተተከለ አነስተኛ ተርባይን ለአረንጓዴ ሕንፃ ምስክር ወረቀት ይቆጠራል ወይ?

የጠየቁት ጎንደር ዳር ለሚሠሩት የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ በግቢዎ ጥግ በሚያልፈው ወንዝ ላይ አነስተኛ ተርባይን ቢተክሉ በሊድ (LEED) ወይም በኤጅ (EDGE)፣ ማለትም በአረንጓዴ ሕንፃ ምስክር ወረቀቶቹ፣ እንደ ታዳሽ ኃይል ይያዝልዎት እንደሆነ፤ ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብም ለዚሁ መጠቀም ያዋጣ እንደሆነ።

ይያዛል። ነጥቡን የሚወስነው ግን ተርባይኑ ላይ የተጻፈው ኪሎዋት ሳይሆን ሕንፃው በዓመት ውስጥ በእርግጥ የተጠቀመበት ኃይል ነው። በሊድ ቬርዥን 4 የታዳሹ ኃይል ዋጋ ከሕንፃው የዓመት የኃይል ወጪ 1 በመቶ ሲሆን 1 ነጥብ፣ 5 በመቶ ሲሆን 2፣ 10 በመቶ ሲሆን 3 ያሰጣል። በወጪው ውስጥ የጄኔሬተሩ ናፍጣና የወጥ ቤቱ ጋዝም ይገባሉ። ኤጅ በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ዕቃ በየፊናቸው 20 በመቶ ቁጠባ ይፈልጋል፤ ተርባይኑ የሚያግዝዎ በመጀመሪያው ብቻ ነው።

ትልቁ ችግር ፍሰቱ ነው። በነሐሴ የተለካ ውሃ ሚያዝያ ላይ የለም። 30 ሊትር በሰከንድ ከ12 ሜትር ቢወርድና ከኃይሉ 55 በመቶው ወደ መብራት ቢለወጥ 1.9 ኪሎዋት ገደማ ይገኛል። ዓመቱን ሙሉ ይሠራል ብለው ካሰቡ 17,000 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ክረምቱን 120 ቀን ብቻ ከሠራ ግን 5,600። በዓመት 80,000 ኪሎዋት ሰዓት ለሚፈጅ ማረፊያ ልዩነቱ 21 በመቶ ወይስ 7 በመቶ ነው። ገምጋሚው የሚጠይቅዎ የየወሩን ልኬት ነው።

ለልኬቱ ላሜራ ላይ 90 ዲግሪ የቪ ቅርጽ ቆርጠው ወንዙን በእሱ ያሳልፉ። ውሃው ከቪው ታችኛ ጫፍ በላይ 20 ሴንቲ ሲቆም 25 ሊትር በሰከንድ ገደማ ነው፤ 10 ሴንቲ ሲሆን ግን 4.4 ብቻ። ከፍታውን ከቪው በፊት፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል፣ ረጋ ካለበት ይለኩ፤ አፉ ላይ ውሃው ዝቅ ስለሚል ያሳስታል።

ቱቦው ላይ አይቆጥቡ። ያንኑ 30 ሊትር በ160 ሚሊ ፒቪሲ ካሳለፉ በ100 ሜትር ርዝመት 1.5 ሜትር ያህል ከፍታ ይጠፋል፤ በ110 ሚሊ ከሆነ 9 ሜትር ገደማ፤ ከ12ቱ ሜትር የሚተርፍዎ ትንሽ ነው። ከቱቦው አፍ በፊት የደለል ማጠራቀሚያና ወንፊት የግድ ነው፤ ክረምት የሚመጣው አሸዋ የተርባይኑን ምላጭ ይበላል። ለጎንደር ከተማ ውሃ በሚያቀርበው አንገረብ ግድብ ላይ ደለሉ ምን እንዳደረገ የጎንደር ሰው ያውቃል።

ቆጣሪው የሚቀመጥበት ቦታም ነጥብ ያስጥላል። ጭነት ሲቀንስ መቆጣጠሪያው ትርፉን ኃይል ወደ ማሞቂያ ሽቦ ይልካል። ሽቦው አየር ላይ ከሆነ ያ ኃይል አይቆጠርም፤ በሻወር ውሃ ታንከር ውስጥ ከሆነ ግን ጥቅም ላይ ውሏልና ለየብቻ ይለኩት።

ወንዙን ጠቅልለው አይጥለፉ፤ በበጋ ለታች ተጠቃሚ የሚቀር ውሃ በዲዛይኑ ላይ ይታይ። የውሃ አጠቃቀም ፈቃድም በአዋጅ 197/1992 ይጠየቃል። ወንዝዎ ቀሃ ከሆነና ከፋሲል መዋኛ በላይ ከሆኑ የቅርስ ጉዳይ ስላለበት ከዲዛይን በፊት የቅርስ ጥበቃውን ያነጋግሩ።

ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ እንጠቀም ያሉት አያዋጣም። 500 ካሬ ጣሪያ፣ 1,100 ሚሊ ዝናብ፣ 10 ሜትር ከፍታ በዓመት 15 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ያም ብክነት ሳይቀነስ። በፓምፕ ወደ ታንከር ወጥቶ የሚወርድ ውሃ ደግሞ ፓምፑ ከፈጀው በታች ስለሚሰጥ ታዳሽ ተብሎ አይያዝም።