የሲክል ሴል ናሙና ለሚቀበሉ ወጣት የላብራቶሪ ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፥

ባሕር ዳር ላይ በላብራቶሪ ሥራ የሸበትሁ ሰው እንደመሆኔ፣ የሲክል ሴል (በዘር የሚተላለፍ የቀይ የደም ሕዋስ ሕመም) ናሙና ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ስለሚያሳልፈው ጊዜ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ኦክስጅን ተሸካሚው የሲክል ሴል ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲያጣ እርስ በርሱ እየተያያዘ ረጃጅም ዘንጎችን ስለሚሠራ ቀይ የደም ሕዋሱ እንደ ማጭድ ይቆለመማል፤ ኦክስጅን ሲያገኝ ደግሞ አብዛኛው ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። ይህ ለውጥ ደሙ ከተቀዳ በኋላም አይቆምም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት ኦክስጅኑን መጠቀማቸውን ይቀጥላሉ፤ የቀትሩ ሙቀትም ያፋጥናቸዋል። ስለዚህ ከዘጌ በጀልባ ተሻግሮ ከሰዓት በኋላ የደረሰ ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚያሳያችሁ የማጭድ ቅርጽ ብዛት የታማሚው ብቻ ላይሆን ይችላልና፣ ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት ሳትጠይቁ አትቁጠሩ። የሄሞግሎቢኑን ዓይነት የሚለየው ኤሌክትሮፎረሲስ ግን በአግባቡ ከቀዘቀዘ ናሙና ለቀናትም ይሠራል። ቱቦው በረዶውን በቀጥታ አይንካ፤ በረዶ የሠራ ደም ሲቀልጥ ሕዋሱ ይፈነዳል።

ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ያለበት ባለ ሐምራዊ ክዳን ቱቦ እስከ ምልክቱ ይሞላ። ደሙ ካነሰ ኢዲቲኤው ስለሚበዛበት ሕዋሳቱ ውኃ አጥተው ይኮማተራሉ፤ በሴንትሪፊውጅ የሚለካው ሄማቶክሪትም (በደሙ ውስጥ የቀይ ሕዋሳት ድርሻ) ከእውነቱ ዝቅ ይላል።

ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ የቀላ ሴረም (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ) ነው። ደሙ በቀጭን መርፌ ተስቦ በኃይል ወደ ቱቦ ሲገፋ ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ፤ በውስጣቸው የነበረው ኤልዲኤች የተባለው ኢንዛይምና ፖታሲየም ወደ ሴረሙ ይፈስሳል። ሐኪሙ ከፍ ያለውን ኤልዲኤች ሲያይ ደሙ በታማሚው ሰውነት ውስጥ እየፈረሰ ነው ብሎ ሊወስን ይችላል። ችግሩ ግን በሲክል ሴል ታማሚ ይህ በእርግጥም የሚሆን መሆኑ ነው፤ በመሆኑም «ሄሞላይዝ አድርጓል» ብሎ ናሙናውን መጣል ብቻውን ደኅና ሥራ ሆኖ አይታየኝም። ክንዱን ብዙ ሳታስሩ፣ በሰፋ መርፌ፣ በእርጋታ እንደገና ቅዱ። ሁለተኛውም ከቀላ ለሐኪሙ ወዲያውኑ ደውሉ፤ ሁለቱም ናሙናዎች እንዴት እንደተቀዱም በውጤቱ ላይ ጻፉ።

በቅርብ ወራት ደም የተለገሰው ታማሚ የሌላ ሰው ሕዋሳትን ስለሚይዝ፣ ዕድሜው ከ6 ወር በታች የሆነ ሕፃንም የፅንስ ሄሞግሎቢኑ ገና ስላልቀነሰ፣ የሲክል ሄሞግሎቢን መኖሩን የሚያሳየው ሶሉቢሊቲ ቴስት ሊያሳስታችሁ ይችላል። የመጠየቂያ ቅጹ ላይ ዕድሜውና ደም የወሰደበት ቀን ካልተጻፈ፣ ቤተሰቡ ገና ከመስኮቱ ሳይርቅ ጠይቃችሁ ሙሉት።