ስልኬ ተነሳ፣ ኔትወርኩ ግን ጠፋ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቴክኖ ስልኬ ሎጎው ላይ ቆሞ አልነሳ ሲለኝ ፋይል ከጓደኛዬ ተቀብዬ ኤስፒ ፍላሽ ቱል በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ራሴ ፍላሽ አደረግሁት፤ ሲስተሙን እንደገና ጫንኩበት ማለቴ ነው። ተነሳ፤ ግን ሁለቱም ሲም ኔትወርክ የላቸውም። *#06# ስለው የስልኩን መለያ ቁጥር አያወጣም። ዋይፋይ ስከፍት ደግሞ «ኤንቪራም ዋርኒንግ» የሚል ስም ይመጣል። አንድ ሠሪ «ከሌላ ስልክ ላይ ቁጥር ልጻፍልህ» አለኝ። ላስጽፍ? (ከደሴ)

መልስ፦ ሳትነግረኝ አውቄዋለሁ፤ «ፎርማት ኦል ፕላስ ዳውንሎድ» የሚለውን፣ ሁሉን አጥፍቶ የሚጭነውን መርጠሃል። እኔም ለሥራው አዲስ ሳለሁ የአንዲት ደንበኛን ስልክ እንዲሁ አድርጌ «ተሠርቷል» ብዬ ሸኘኋት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰች። ጥፋቱ የሲሙ ይመስል ሦስት ጊዜ አውጥቼ በሸሚዜ ጠረግሁት።

ሚዲያቴክ ቺፕ ባላቸው ስልኮች ውስጥ ኤንቪራም የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፤ በቆዩት ስልኮች ብዙ ጊዜ 5 ሜጋባይት ብትሆን ነው። የስልኩ መለያ የሆነው 15 አሃዙ አይኤምኢአይ፣ የዋይፋይና የብሉቱዝ አድራሻ፣ እንዲሁም ፋብሪካው የዚያችን አንዲት ስልክ ሬዲዮ የቃኘበት ልክ እዚያ ይቀመጣል። ፎርማት ኦል ጠራርጎ ያጠፋዋል። የፍላሽ ፋይሉ ለሞዴሉ በሙሉ አንድ ስለሆነ ያንተን አይመልስም።

የሌላ ስልክ ቁጥር አታስጽፍ፤ የሰው መታወቂያ ይዞ መዞር ነው። ያኛው ተሰርቆ ቁጥሩ ቢዘጋ ያንተም አብሮ ይዘጋል። ካርቶኑን ፈልግ፤ ከጠፋ ባትሪው ሥር ወይም ጀርባው ላይ ያለውን ወረቀት እይ። ሠሪው የራስህን ሁለት ቁጥሮች ይመልስልህ። ቅኝቱ ግን ከቁጥሩ ጋር አይመለስም፤ አንዳንዱ ስልክ ከዚያ በኋላም ኔትወርክ ይደክመዋል።

ሌላ ጊዜ ስልኩ ላይ ከመጻፍህ በፊት ኤንቪራምን አንብበህ ቅጂ ያዝ። ቱሉ ላይ ሪድባክ የሚል ገጽ አለ። ስካተር ፋይሉን፣ ከፍላሽ ፋይሉ ጋር የሚመጣውን የክፍሎች ዝርዝር፣ በኖትፓድ ክፈትና የኤንቪራምን መነሻ አድራሻና መጠን ገልብጠህ እዚያ አስገባ። ሪድባክን ተጫንና ስልኩን አጥፍተህ በኬብል ሰካው፤ ፕሪሎደሩ፣ ሲስተሙን የሚያስነሳው ትንሽ ፕሮግራም፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ብቅ ስለሚል ቱሉ ቀድሞ መጠበቅ አለበት። ያነበበውን ፋይል ስም ሰጥተህ አስቀምጥ፤ ከዚያ ሁሉን ሳያጠፋ የሚጭነው «ዳውንሎድ ኦንሊ» በቂ ነው። አዳዲሶቹ ግን ከተቆለፉ ያለ ፈቃድ ፋይል አያስነብቡም።

ጥያቄ፦ የኔ ከፍላሽ በኋላ ጭራሽ ጨለመ፤ ቻርጅም አይል። ሞቷል? (ከአዳማ)

መልስ፦ የሌላ ቦርድ ፕሪሎደር ጭነህበት ይሆናል፤ ሞዴሉ አንድ ሆኖ ቦርዱ የሚለያይ ስልክ ሞልቷል። ቺፑ ውስጥ የታተመው የመጀመሪያው ኮድ ግን አይጠፋም። ሁለቱንም የድምፅ ቁልፎች ተጭነህ ኬብሉን ሰካ። ኮምፒውተሩ ድምፅ ካሰማ ስልኩ አለ፤ ቢልድ ቁጥሩ (የሲስተሙ ሥሪት ቁጥር) የሚገጥም ፋይል ፈልግለት።