የኮላይተስን ክብደት በኢንዶስኮፒ አልትራሳውንድ መለካት ይቻላል?

ጥያቄ፦ የተከበሩ ዶክተር፣ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ እየተመላለሰብኝ ለረጅም ጊዜ «አሜባ ነው» እየተባልኩ መድኃኒት ስወስድ ቆየሁ። ባለፈው ዓመት በኮሎኖስኮፒና በናሙና ምርመራ አልሰሬቲቭ ኮላይተስ (የትልቁን አንጀት የውስጥ ሽፋን የሚያቆስል፣ የሚመላለስ ብግነት) እንደሆነ ተነገረኝ። ውጤቱ ላይ ሕመሙ የትልቁን አንጀት ግራ ክፍል እንደያዘና «ማዮ 2» እንደሆነ ተጽፏል። ሜሳላዚን ከጀመርኩ ወዲህ ደሙ ቆሟል። ጀርመን አገር የሚኖረው ወንድሜ ግን የሕመሙን ክብደት፣ እንዲሁም ወደፊት አንጀቴ በቀዶ ሕክምና ይወጣ እንደሆነ አስቀድሞ የሚያሳይ፣ ወደ አንጀት ውስጥ የሚገባ አልትራሳውንድ አለ ይለኛል። ገንዘብ አጠራቅመን ውጭ ሄጄ ልመርመር?
ሰ.ተ.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ ሰ.ተ.፣ ወንድምዎ ስለ ምርመራው የነገሩዎት እውነትነት አለው። ሆኖም አሁን ባሉበት ሁኔታ ምርመራው የሚጨምርልዎ መረጃ ለጉዞውና ለወጪው የሚበቃ አይመስለኝም። ምክንያቱን ለመረዳት መሣሪያው ምን እንደሚያይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቱቦ በፊንጢጣ አስገብቶ ትልቁን አንጀት ማየት፣ የሚያሳየው የአንጀትን የውስጥ ገጽ ብቻ ነው፤ የግድግዳ ልስን አይቶ ከስር ስላለው ጭቃና እንጨት መገመት እንደማለት ነው። የኢንዶስኮፒ አልትራሳውንድ ግን ከልስኑ አልፎ ግድግዳውን ያሳያል። ጫፉ ላይ የድምፅ ሞገድ አመንጪ የተገጠመለት ልዩ ኢንዶስኮፕ በፊንጢጣ በኩል ይገባል፤ አለዚያም ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚወፍር ቀጭን መመርመሪያ በተለመደው ኮሎኖስኮፕ ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል። አየር የድምፅ ሞገድን ስለሚያግድ ሐኪሙ አየሩን መጥጦ አንጀቱን በውኃ ይሞላዋል። ያኔ የአንጀት ግድግዳ በስክሪኑ ላይ ነጭና ጥቁር እየተፈራረቁ እንደ ቀለበት የተደራረቡ አምስት መስመሮች ሆኖ ይታያል። ከውስጥ ሲቆጠር ሁለቱ የልስልሱ ሽፋን፣ ሦስተኛው ነጭ መስመር ከሽፋኑ ስር ያለው ልል ክፍል፣ አራተኛው ጥቁር መስመር ጡንቻው፣ አምስተኛው ደግሞ የውጪው ሽፋን ነው። ጤናማ ግድግዳ ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ መስመሮቹም ድንበራቸው ጥርት ብሎ ይታያል።

አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚያብጡት የውስጠኞቹ መስመሮች ናቸው፤ ሕመሙ ሲበረታ ሦስተኛው መስመር ይወፍራል፣ በጣም በከበደ ጊዜ ደግሞ ብግነቱ ጡንቻውን ይነካና የመስመሮቹ ድንበር ይደበዝዛል። በጥቂት ሕሙማን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ይህ ውፍረት ኮሎኖስኮፒው ከሚያሳየው ክብደትና ከናሙናው ውጤት ጋር እንደሚሄድ አሳይተዋል። ለውጤትዎ ትርጉም ልስጥዎ፦ የማዮ መለኪያ ከ0 እስከ 3 ይደርሳል፤ 2 ማለት ሽፋኑ በጣም ቀልቷል፣ የደም ሥሮቹ መስመር ጠፍቷል፣ በቀላሉ ይቆስላል ማለት ነው፤ 3 የሚባለው በራሱ ሲደማና ግልጽ ቁስለት ሲኖር ነው።

እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ ዘልቆ የሚጎዳው ክሮንስ የሚባለው ሌላው የአንጀት ሕመም ነው፤ የእርስዎ ሕመም ግን በአብዛኛው ከሽፋኑ አያልፍም፤ ሽፋኑን ደግሞ ኮሎኖስኮፒና ናሙና ከማንም በተሻለ ይመረምሩታል። በዚያ ላይ መወፈር ሁልጊዜ የብግነት ምልክት አይደለም። ሕመሙ ለዓመታት ከተመላለሰ ከሽፋኑ ስር ስብና ጠባሳ ስለሚከማች፣ ሕመሙ ጋብ ባለበት ጊዜም ግድግዳው ወፍራም ሆኖ ሊቀር ይችላል። መድኃኒት አልሠራ ሲል ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረውን የሳይቶሜጋሎ ቫይረስ የሚያገኘውም ናሙና እንጂ አልትራሳውንድ አይደለም።

ስለ ወደፊቱ ላነሡት ጥያቄ፣ አንጀት ይወጣል ወይም አይወጣም ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር አንድም ምርመራ የለም። ሐኪሞች አደጋውን የሚመዝኑት ብዙ ነገሮችን በአንድነት አይተው ነው፤ ሕመሙ ከ40 ዓመት በፊት መጀመሩ፣ ትልቁን አንጀት በስፋት መያዙ፣ ጥልቅ ቁስለት መኖሩ፣ በደም ምርመራ የብግነት ጠቋሚ የሆነው ሲአርፒ መጨመሩና አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን መቀነሱ፣ ሆስፒታል ያስተኛ መሆኑና ስቴሮይድ የተባለው ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት ማስፈለጉ ከሚያሰጉት መካከል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከኦክስፎርድ የወጣ ጥናት፣ በከባድ ሁኔታ ሆስፒታል ተኝተው ስቴሮይድ ከጀመሩ ሕሙማን መካከል፣ በሦስተኛው ቀን በቀን ከ8 ጊዜ በላይ ሰገራ የሚወጡ፣ ወይም ከ3 እስከ 8 ጊዜ እየወጡ ሲአርፒያቸው ከ45 ሚሊ ግራም በሊትር የሚበልጥ 85 በመቶ ያህሉ በዚያው ቆይታቸው ቀዶ ሕክምና እንዳስፈለጋቸው አሳይቷል። ይህ ዛሬ ያሉት ኢንፍሊክሲማብን የመሰሉ መድኃኒቶች ከመስፋፋታቸው በፊት ቢሆንም፣ የሰገራ ቁጥርና አንድ የደም ምርመራ ምን ያህል እንደሚናገሩ ያስረዳል። ከእርስዎ በኩል ካየነው ዕድሜዎ ከሚያሰጉት ወገን ቢሆንም፣ ሕመሙ በግራው ክፍል መወሰኑና ለመጀመሪያው መድኃኒት ምላሽ መስጠቱ መልካም ዜና ነው።

እንዲህ ስል ምርመራውን ማቃለሌ አይደለም። ሕመሙ ኮላይተስ ይሁን ክሮንስ መለየት ሲያስቸግር፣ በፊንጢጣ ዙሪያ ፊስቱላ (ከአንጀት ወደ ቆዳ የሚከፈት ያልተለመደ ቀዳዳ) ወይም መግል የያዘ እብጠት ሲጠረጠር፣ በአንጀት ውስጥ አጠራጣሪ እብጠት ተገኝቶ ጥልቀቱ መታወቅ ሲያስፈልግ ይጠቅማል። በአንጻሩ በከባድ ብግነት ወቅት አንጀቱ በቀላሉ ሊበሳ ስለሚችል መሣሪያ ወደ ውስጥ ዘልቆ እንዲገባ አይመከርም። ሆድ ላይ ጄል ተቀብቶ የሚደረገው ተራው አልትራሳውንድም በሠለጠነ እጅ የአንጀትን ግድግዳ ይለካል፤ ከ3 ሚሊ ሜትር ማለፉ የብግነት ምልክት ሆኖ ይታያል፣ ማደንዘዣም ሆነ አንጀት ማጽዳት አያስፈልገውም። ፊንጢጣ አካባቢ ያለውን አንጀት ግን በደንብ አያሳይም።

ስለዚህ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለማይቋረጥ የመድኃኒት አቅርቦትና ለክትትል ቢያውሉት እመርጣለሁ። ብዙ ሰው ደሙ ሲቆም ሜሳላዚኑን ይተዋል፤ ሕመሙ የሚመለስበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ስለሆነ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቋርጡ። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ሽፋኑ በእርግጥ መዳኑን የሚያረጋግጥ ክትትል መቼ እንደሚደረግ ይጠይቁ፤ የአንጀት ብግነትን ከሰገራ የሚለካው የካልፕሮቴክቲን ምርመራ በሚገኝበት ቦታ ከ150 ማይክሮግራም በግራም በታች መሆኑ ብግነቱ ለመርጋቱ ጥሩ ፍንጭ ነው። ሕመሙ ከጀመረ 8 ዓመት ሲሞላ ደግሞ ለካንሰር ቅድመ ምርመራ ኮሎኖስኮፒ ያስፈልግዎታል።

ስለ አሜባው አንድ ነገር ልጨምር። ኮላይተስ ያለበትም ሰው አሜባ ሊይዘው ይችላል፤ አሜባ ባለበት አንጀት ላይ ስቴሮይድ መስጠት ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ደሙ ቢመለስ ስቴሮይድ ከመጀመርዎ በፊት የሰገራ ምርመራ እንዲደረግልዎ በግልጽ ይጠይቁ። በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ደም የቀላቀለ ሰገራ ከትኩሳት፣ ከልብ ምት መፍጠን ወይም ከሆድ መነፋት ጋር ከመጣብዎ ግን የቀጠሮዎን ቀን አይጠብቁ፤ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ።